«ምን ላንብብ?» ላለ ሰው መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል

ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ ሰው ሁሉ መጽሐፍ ፈልጎ አይመጣም። በተለይ ፈተና ሲቃረብ ብዙው የራሱን ደብተር ይዞ ወንበርና ፀጥታ ፍለጋ የመጣ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ውስጥ በትምህርት ቤትም ሆነ በሰፈር ንባብ ቤት «የሠራተኛው ምርጫ» የሚል፣ ሠራተኛው ለአንባቢ የሚመክራቸው መጻሕፍት የሚቀመጡበት መደርደሪያ ስታዘጋጁ ልብ ወለድ ክፍል ውስጥ አትደብቁት። መታወቂያ ከሚሰጥበትና ቦርሳ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ይሁን። ከ10 እስከ 12 መጽሐፍ ይበቃል፤ ሽፋናቸው ፊት ለፊት ይታይ። ከዚያ ከበዛ ሰው እንደ ማንኛውም መደርደሪያ አይቶ ያልፈዋል።

ቀጥሎ ጥያቄው ነው። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ብዙም አያዋጣም። መልሱ «የተገኘውን» ነው፤ አለዚያም ሰውየው አዋቂ ለመምሰል የማያነበውን ይጠራል። ይልቅ በቅርቡ ጀምሮ የጨረሰውን ጠይቁት፤ ቀጥሎም ጀምሮ ሳይጨርስ የተወውን፣ የት አካባቢ እንደተወውም ጭምር። ይሄኛው ይበልጣል። አንዱ «ረዘመብኝ» ይላል፣ አንዱ «ቋንቋው ከበደኝ»፣ ሌላው «ምንም ነገር አይፈጠርበትም»። ለሦስቱ አንድ መጽሐፍ አይሰጥም። «ልብ ወለድ አላነብም» የሚል ከመጣም አትከራከሩት፤ ሬዲዮ ላይ ወይም ስልኩ ላይ ምን እንደሚከታተል ጠይቁት።

መጽሐፉን ከማንሳታችሁ በፊት የት ላይ እንደሚከብድ እወቁ። አብዛኛው ምክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ጥሩ ማሳያ ነው። ጎጃም ውስጥ ይህን የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ በስም የማያውቅ ማግኘት ይቸግራል፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ግን እንደ ዝናው አይደለም። «የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው» ተብሎ የተሰጠው ሰው መጽሐፉን ሲከፍት የሚያገኘው የማንኩሳን መንደርና የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው። ሰብለን ሲጠብቅ ይሰለቻል፣ ይመልሰዋል። ስለዚህ ስትሰጡት «መጀመሪያው የልጁ ወላጆች ታሪክ ነው፤ እንዳትዘለው፣ የስለቱ ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው» በሉት። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ውሰቱን ማራዘም እንደሚችልም ያኔውኑ ንገሩት። ብዙ ሰው ቀኑ አልፎበት አፍሮ ከመምጣት ይቀራል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙት ትልልቅ ሰዎች ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም፤ ደህና ፊደል ያለው ቅጂ ብቻ ፈልጉላቸው።

«ጦቢያ» ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ለልጅ ሲሰጥ ይታያል። አይሆንም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ ነው፤ አማርኛው የዚያ ዘመን አማርኛ ነውና የ7ኛ ክፍል ልጅ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይደክመዋል። ቦታው የቃላት ጣዕም የሚወድ፣ ቅኔ ቤት ደርሶ የመጣ፣ ወይም አማርኛ የሚያስተምር ሰው ዘንድ ነው። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ዘጌ የተወለዱ መሆናቸው ለባሕር ዳር አንባቢ ጥሩ መግቢያ ይሆናል።

ዜና ብቻ ለሚከታተል ሰው የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» የሚያህል የለም። ይሮጣል፤ ተራኪው ራሱ ጋዜጠኛ ነው። ወጣት ከሆነ ግን ደርግ ኤርትራ ውስጥ በአማፅያን ላይ ስለከፈተው ቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ በ1974 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ምን እንደታቀደ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። አለዚያ በስብሰባው ብዛት ግራ ይጋባል። ክርክር ለሚወድ ጎረምሳ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም»፤ ጽንስ ከማኅፀን ሆኖ ሲሟገት ከርዕሱ ጀምሮ ይይዛል።

ጡረታ የወጡ ሰው ሲመጡ ደግሞ «ጋሼ፣ መነጽር ይዘዋል?» ማለት ነውር የለውም። መንግሥቱ ለማ አባታቸው የነገሯቸውን ጽፈው ያወጡት «ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ከየትኛውም ገጽ ቢከፈት ይነበባል፤ የአፍ ወግ ነውና ልጅ ለአባቱ ጮክ ብሎ ሊያነብለትም ይመቻል። ለትንንሽ ልጆች ርዕስ አትምረጡላቸው። ሦስት የተረት መጽሐፍ ዘርጉና ከመሐል አንድ ገጽ አስነብቡ፤ አምስት ቃል ያህል ካደናቀፈው ለጊዜው ከብዶታል፣ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ያንብብለት።

በየመጽሐፉ የሚገባውን የምክር ካርድ ለመሥራት ኤ4 ወረቀት ለአራት ቁረጡ። የሚጻፈው ርዕስና ደራሲ፣ ለማን እንደሚሆን፣ የት እንደሚከብድ፣ የገጹ ብዛት ነው፤ ሌላ አይጨመር። «ድንቅ መጽሐፍ» የሚል ቃል ለማንም ምንም አይነግርም። መጨረሻውንም አታውጡ። በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ውኃ ቀለም ያለው ማርከር በክረምት እርጥበት ይፈሳል። ሽፋኑ ላይ አትለጥፉት፣ ሲነሣ ይቀድደዋል፤ ሁለት ጣት ያህል ብቅ ብሎ እንዲታይ ገጾቹ መሐል አስገቡት። መደርደሪያውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ፈቀቅ ይበል፤ ግድግዳ የተጠጋ መጽሐፍ ይሻግታል።

አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን መጽሐፍ እዚህ ስታስቀምጡ ተተኪ አዘጋጁ፤ ባዶ ቦታ ጠዋት ከታየ ማታ ድረስ መደርደሪያው የተረሳ ይመስላል። መጽሐፉ ሲመለስ «ወደድከው?» አትበሉ፤ በይሉኝታ «አዎ» ይላችኋል። «የት ደረስክ?» በሉና ገጹን ከካርዱ ጀርባ ጻፉት። ሦስት ሰው እዚያው አካባቢ ካቆመ፣ «የት እንደሚከብድ» ያላችሁትን መስመር እንደገና ጻፉ።