ለበረዶ መንገድ የፒክአፕ ጎማ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኮሎራዶ፣ ከዴንቨር በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ተጉዘው የአይዘንሃወርን ዋሻ ሲያልፉ መንገዱ ወደ ሲልቨርቶርን ያዘቀዝቃል። ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ፀሐይ ወጥቶ እዚያ በረዶ ሲጥል ማየት የተለመደ ነው። ያን ቁልቁለት በበረዶ መጀመሪያ የወረድኩት ከሳምንት በፊት ያስገጠምኩትን፣ ጥርሱ እንደ ትራክተር የፈጠጠ ጎማ ተማምኜ ነበር። ፍሬን ረገጥኩ፤ ፒክአፑ መንሸራተቱን ቀጠለ። ከፊቴ የነበረው የጭነት መኪና የኋላ መብራት እየጎላ መጣ። ጥቂት ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። ጎማ ሊገዛ የተነሣ ወገን ባገኘሁ ቁጥር የሚከተለውን ሳልነግረው የማላልፈው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጥርስ አይቶ መግዛት ነው። ትልልቅ ጥርስና ሰፊ ክፍተት ለጭቃ ነው የተሠራው። በታመቀ በረዶ ላይ የሚይዙት በየጥርሱ ገጽ ላይ በምላጭ የተተለተሉ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ናቸው፤ ጎማው ሲሽከረከር ይከፈቱና በረዶውን ይነክሳሉ። የጎማው ቅመምም እኩል ያህል ይወስናል። ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ለሙቀት የተቀመመ ጎማ መጠንከር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጥርሱ ምንም ቢያምር መንገዱን አይጨብጥም።

ሁለተኛው የጎማውን ጎን በደንብ አለማንበብ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ምልክት ጭቃና በረዶ ማለት ነው፤ ነገር ግን አምራቹ የጥርሱን ቅርጽ ብቻ መሠረት አድርጎ ያትመዋል እንጂ ጎማው በበረዶ ላይ አልተፈተነም። እርስዎ የሚፈልጉት ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት የተሣለበትን ምልክት ነው። ይህ ምልክት ያለው ጎማ በታመቀ በረዶ ላይ ተፈትኖ፣ ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠው ጎማ ቢያንስ 10 በመቶ የተሻለ የመግፋት ኃይል አሳይቷል። በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ግዛት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አጋማሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይህን ምልክት ያልያዘ ተራ ጎማ በሕግ አይፈቀድም። ኮሎራዶ ግን ሁለቱንም ትቀበላለች፤ ስለዚህ ሕጉን ማሟላት ብቻ ልብዎን ሊያሳርፈው አይገባም። እንዲሁም ፈተናው መነሣትን እንጂ በመስታወት በረዶ ላይ መቆምንም ሆነ መታጠፍን አይለካም። አንድ ዓይነት ኦል ቴሬይን (ለአስፋልትም ለጥርጊያ መንገድም የሚሆን) ጎማ በአንዱ መጠን ምልክቱ ኖሮት በሌላው ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ከማስገጠምዎ በፊት ጎንበስ ብለው በጣትዎ እየዳሰሱ ይፈልጉት።

«ፎር ዊል ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚለውም መዘዙ ብዙ ነው። አራቱ ጎማዎች አብረው መግፋታቸው ለመነሣት ይረዳል። ለመቆም ግን የትኛውም መኪና አራት ፍሬን ነው ያለው።

ኪስ የሚጎዳው ስህተት ከዚህ ይጀምራል። ብዙ ሰው «ባለ 10 ፕላይ ጠንካራ ነው» ሲባል ይገዛል፤ እኔም ገዝቼ ነበር። ይህ ጎማ፣ በጭነት ደረጃው «ኢ» የሚባለው፣ እስከ 80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አየር የሚይዝ፣ ለከባድ ጭነትና ለተጎታች የተሠራ ነው። ከባድና ደረቅ ስለሆነ ሞተሩ እሱን ለማሽከርከር ተጨማሪ ነዳጅ ያቃጥላል። ሌላም ነገር አለ፤ ተመሳሳይ ጭነት ለመሸከም ከመደበኛው ጎማ የበለጠ አየር ይፈልጋል፤ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተጻፈውን የአየር ቁጥር ብቻ ሞልተው ከጫኑ አቅሙ ይጓደላል። ሠረገላው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ የሆነ፣ በአስፋልት ላይ የሚውል ቀላል ፒክአፕ ካለዎት፣ ከፋብሪካው ጎማ ጋር የሚስማማ የጭነት መለኪያ ያለውና የተራራውን ምልክት የያዘ መደበኛ ኦል ቴሬይን ይበቃዎታል።

ጎማ ማስተለቅም እንዲሁ ነው። በጎማው ጎን ከሚጻፉት መጠኖች ከ265/70 አር 17 ወደ 285/70 አር 17 ቢለውጡ የጎማው ቁመት 3.5 በመቶ ያህል ይጨምራል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 100 ሲያሳይ በእርግጥ የሄዱት 103.5 ነው። ይህን ሳያስተካክሉ የነዳጅ ስሌት የሚሠሩ ሰዎች ከደረሰባቸው ጉዳት በላይ ያማርራሉ፤ የፍጥነት መለኪያውም ከእውነቱ ያነሰ ያሳያቸዋል።

አየሩን ችላ አይበሉ። ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ከጎማ ውስጥ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ሞቃት ጎሚስታ ቤት ውስጥ በ20 ሴንቲግሬድ 35 የተሞላ ጎማ፣ ከዜሮ በታች 18 በሆነ ማለዳ 28 አካባቢ ይወርዳል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የጎማ አየር ማስጠንቀቂያ መብራት ግን ከታዘዘው 25 በመቶ ሲጎድል፣ ማለትም ወደ 26 ሲጠጋ ነው የሚበራው። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ነዳጅዎ እየባከነ ነው፤ በእያንዳንዱ ፒኤስአይ 0.2 በመቶ ያህል። ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሣ ይለኩ። «ለበረዶ ይሻላል» ብሎ አየር ማጉደል በአውራ ጎዳና ላይ አደገኛ ነው።

በመጨረሻ፣ ጥርሱ እስኪያልቅ መጠበቅ። ያለቀ ጎማ ቀለል ብሎ ስለሚሽከረከር ነዳጅ ይቆጥባል፤ ይህ ያዘናጋል። በከተማ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ጎማ አሁንም መንዳት ሊቻል ይችላል። በአይ-70 ላይ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ግን ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ቢያንስ 4.8 ሚሊ ሜትር ይጠየቃል፤ ፎር ዊልም አይቀርለትም። ርካሽ የጥልቀት መለኪያ ገዝተው የእያንዳንዱን ጎማ ውስጡን፣ መሐሉንና ውጭውን ይለኩ። በየሳምንቱ ተራራ የሚወጡ ከሆነ ደግሞ፣ ገንዘቡ ከተገኘ፣ እውነተኛ የክረምት ጎማ በራሱ ቸርኬ ላይ አስገጥመው ኖቬምበር ላይ ይቀይሩ፤ ኦል ቴሬይኑ ለበጋ ይቆይልዎታል።