ኪሪባስ ለሚገባ አዲስ ሚስዮናዊ፦ መጀመሪያ ውሃውን

የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች አገር ወደሆነችው ኪሪባስ (ኪሪባቲ) ራቅ ያሉ ደሴቶች ለአገልግሎት የምትሄዱ ወጣቶች፣ ከቋንቋው በፊት ውሃውን እወቁት። ደሴቶቹ ዝቅ ያሉ የኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ) መሬቶች ናቸው፤ ወንዝ የላቸውም። የጉድጓዱ ውሃ ከሥር ባለው የባሕር ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ስስ የዝናብ ውሃ ነው። ብዙ ከተቀዳ ጨው ይገባበታል፤ መሬቱ አሸዋማ ስለሆነም የመጸዳጃ ቤትና የአሳማ ጋጣ ፍሳሽ በቀላሉ ይደርስበታል።

ለመጠጥ ከጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብ ይሻላል። እሱም ቢሆን ይፈላ፤ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ማገዶ ካጠረ፣ ሽቶ ያልገባበት ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና ለ1 ሊትር 2 ጠብታ ጨምራችሁ አማስሉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ 4 ጠብታ አድርጉ። ትንሽ የክሎሪን ሽታ ካልሸተተ ድገሙት። ጨውን ግን ማፍላትም በረኪናም አያወጣውም።

ኮራል ከቧጠጣችሁ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም አትናቁት፤ ውስጡ የሚቀረው ስባሪ ያመረቅዘዋል። ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ስባሪውን በወረንጦ ልቀሙ፣ እስኪድን ባሕር አትግቡ። ትልልቅ የኮራል ዳር ዓሣ ከመብላታችሁ በፊት አጥማጆቹን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ያለበት መርዝ በመቀቀል አይጠፋም።

ማኔአባ፣ ማለትም የመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ስትገቡ ጫማ አውልቁ፤ እግር አጣጥፋችሁ ተቀመጡ። በተቀመጡ ሰዎች መካከል ስታልፉ ጎንበስ በሉ። ሰላምታው «ማውሪ» ነው።