ዊንዶውስ ሲቀየር ጌም የሚያሳጡ ስህተቶች

ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ኮምፒውተር ላይ 150 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ ኢንተርኔት ይህን ያህል ፋይል ለማውረድ 33 ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም መስመሩ አንዴም ሳይቆራረጥ። ዊንዶውስ በተቀየረ ቁጥር ይህን መድገም ግን ግዴታ አይደለም። ጌሙ መትረፍ ይችላል። የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ባለማወቅ ነው።

ጌሙን ይዞ ሴቩን መርሳት

በጣም የሚያንገበግበው ይሄ ነው። እኔም ደርሶብኛል። የጌሙን ፎልደር እንዳለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ። ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረግኩና ፎልደሩን ወደ ቦታው መለስኩ። ጌሙ ያለ እንከን ተከፈተ። ካቆምኩበት የሚያስቀጥለው ቁልፍ ግን የለም፤ ያለው አዲስ ጨዋታ የሚያስጀምረው ብቻ ነው። የወራት ልፋት ገደል ገባ።

አብዛኞቹ ጌሞች ሴቭ የሚያደርጉት፣ ማለትም የደረሳችሁበትን የሚመዘግቡት፣ ራሳቸው በተጫኑበት ፎልደር ውስጥ አይደለም። አንዱ ዶክመንትስ ሥር «ማይ ጌምስ» ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሌላው «ሴቭድ ጌምስ» ውስጥ። ብዙዎቹ ደግሞ «አፕዳታ» ውስጥ ይከቱታል፤ እሱ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ ዝም ብሎ ሲያዩት አይታይም። አንድ በአንድ ከማደን ሲ ድራይቭ ላይ «ዩዘርስ» ውስጥ ገብታችሁ በስማችሁ ያለውን ፎልደር ሙሉውን ገልብጡ። ከዚያ በፊት የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ስቲም በሚባለው የጌም መግዣና ማስጀመሪያ ፕሮግራም (ላውንቸር) የምትጫወቱ ከሆነ ስቲም በተጫነበት ቦታ ያለውን «ዩዘርዳታ» የሚባል ፎልደርም ጨምሩ። ቦታ ካጠራችሁ ጌሙን ትታችሁ ሴቩን ያዙ። ጌሙ እንደገና ይወርዳል፣ ሴቩ ግን ከየትም አይመጣም።

«ክላውድ ላይ አለልኝ» ብሎ መተማመንም አደጋ አለው። ሁሉም ጌም ሴቩን ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል ኩባንያው ጋ፣ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠውም ቢሆን ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወታችሁት ያለ ኢንተርኔት ከሆነ አዲሱ ሴቭ ወደ ክላውዱ አልሄደም። ከፎርማት በኋላ ላውንቸሩ «የቱ ሴቭ ይቆይ? የኮምፒውተሩ ወይስ የክላውዱ?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ቀንና ሰዓቱን አይታችሁ ምረጡ፣ ምክንያቱም የመረጣችሁት ሌላኛውን ይተካዋል።

ፋይሎቹን መልሶ ሳያበቁ «ኢንስቶል» መጫን

ላውንቸር ጌሙ መኖሩን የሚያውቀው በራሱ ትንሽ መዝገብ ነው። ስቲም ላይ የጌሙ ፋይሎች «ስቲምአፕስ» ውስጥ «ኮመን» በሚባለው ፎልደር ይቀመጣሉ። መዝገቡ ግን ከ«ኮመን» ውጭ፣ እዚያው «ስቲምአፕስ» ውስጥ፣ «አፕማኒፌስት» በሚል ስም የሚጀምር ፋይል ነው። ብዙ ሰው የጌሙን ፎልደር ብቻ ወስዶ እሱን ይተወዋል። ስለዚህ «ስቲምአፕስ»ን እንዳለ ያዙ። ስቲም ተዘግቶ ሳለ መልሱትና ክፈቱት። ጌሙ ሌላ ድራይቭ ላይ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ «ስቶሬጅ» የሚለው ጋ ገብታችሁ ያንን ድራይቭ ጨምሩ።

መዝገቡ ቀርቶባችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። የጌሙን ፎልደር ስሙን ሳትነኩ «ኮመን» ውስጥ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ብቻ ያንኑ ድራይቭ መርጣችሁ «ኢንስቶል» በሉ። ስቲም ያሉትን ፋይሎች ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ኤፒክ በሚባለው ሌላ ላውንቸር ላይ አካሄዱ ይገለበጣል። መጀመሪያ የድሮውን ፎልደር ስም ቀይሩ። «ኢንስቶል» ብላችሁ ትንሽ እስኪጀምር ጠብቁና አቁሙት። ላውንቸሩን ዝጉ፣ የድሮ ፋይሎቻችሁን አሁን በተፈጠረው ፎልደር ላይ ገልብጡ፣ ከዚያ አስቀጥሉት። የመቶኛው ቁጥር በፍጥነት ሲሮጥ ካያችሁ እየፈተሸ እንጂ እያወረደ አይደለም።

«ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለውን ማመን

ዊንዶውስን ሪሴት ስታደርጉ ፋይሎቻችሁን እንደሚያቆይ ይነግራችኋል። እውነት ነው፣ ፎቶና ሰነዳችሁ ይቆያል። ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ፣ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ያለ ጌምም አብሮ ይሄዳል። ጌማችሁ እዚያ ካለ ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት አውጡት።

ዲ ድራይቭ ላይ ስላለ ብቻ አለመጨነቅ

ጌም ከሲ ውጭ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ዊንዶውስ ስትጭኑ የሚመጣው ዝርዝር ሲና ዲ እያለ አይጠራቸውም። ዲስክ 0፣ ዲስክ 1 ይላል፤ ከየዲስኩ ሥርም ፓርቲሽኖቹ (የዲስኩ ክፍልፋዮች) በቁጥር ይደረደራሉ። በችኮላ ሁሉንም ያጠፋ ሰው ዲንም ያጠፋል። ጌሙ ያለበት ዲስክ ራሱን የቻለ ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉት። ከዚህ የሚበልጥ ጥንቃቄ አላውቅም። መንቀል ካልቻላችሁ የእያንዳንዱን ፓርቲሽን መጠን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ሌላም አለ። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። የድሮው ዊንዶውስ በራሱ ስለሚከፍተው ላታስተውሉት ትችላላችሁ። አዲሱ ግን ባለ 48 አሃዝ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌላችሁ ጌሙ እያለ የለም። ስለዚህ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ቁጥሩን ፈልጉና ከኮምፒውተሩ ውጭ አስቀምጡት።

ከተጫነ በኋላ የዲስኩ ፊደል ተቀይሮ ዲ የነበረው ኢ ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ፣ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ይስተካከላል።

በፋት32 ዲስክ ላይ መገልበጥ

ፋት32 የሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የትልልቅ ጌሞች ፋይሎች ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ባክአፕ የምታደርጉበትን ዲስክ ባዶ እያለ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ቀይሩት።

አልከፈት ሲል ጌሙን ማጥፋት

ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰውየው ሁሉን በትክክል ሠርቶ መጨረሻ ላይ የሚሸነፍበት ነው። ጌሙ ተመልሷል፣ ግን አይከፈትም። ብዙውን ጊዜ ጌሙ ምንም አልሆነም። አዲሱ ዊንዶውስ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ወይም ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው ፓኬጅ ስለሌለው ነው። ሁለቱን ጫኑና እንደገና ሞክሩ። ካልሆነ ላውንቸሩ ፋይሎቹን እንዲፈትሽ አድርጉ። ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል) የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ፍተሻው የተቀየሩ ፋይሎችን ወደ ቀድሞው ስለሚመልስ አስቀድማችሁ ሞዱን ለብቻ ገልብጡ።

ባክአፑን ደግሞ ጌሙ ስለተከፈተ ብቻ አታጥፉት። ሴቩን ጫኑ፣ ጥቂት ተጫወቱ፣ አዲስ ሴቭ አድርጉ፣ ዘግታችሁ ክፈቱ። ያን ጊዜ ቦታውን ማስለቀቅ ትችላላችሁ።