ክረምት ላይ በውሃ ቀለም ለምትስሉ

ጅማ ሆናችሁ በውሃ ቀለም የምትስሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክረምት ላይ በእርጥበቱ የተነሳ ወረቀት ቶሎ አይደርቅም። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ውሃ ይዟል። እዚያ ላይ ሁለተኛ ቀለም ከደረባችሁ አበባ ጎመን የመሰለ እድፍ ቁጭ ይላል። ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስስል ሰማዩን ያበላሸሁት እንዲህ ነው። ያን የመሰለ ሰማይ!

አሁን የእጄን ጀርባ ወረቀቱ ላይ በስሱ አስነካለሁ። ከቀዘቀዘኝ አልደረቀም ማለት ነው፤ ቁጭ ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ። ወረቀት ስትገዙ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሆነውን ምረጡ፤ ቀጭኑ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ብሩሽ የምታጥቡበትን ስኒ ደግሞ ከቡናው ስኒ አርቁት። እኔ አንዴ ተሳስቼ ጠጥቻለሁ።