በእንጨት ቶርኖ የመጀመሪያውን እስክሪብቶ ለመሥራት

የእንጨት ቶርኖ፣ ማለትም በማሽን የሚሽከረከር እንጨትን በመሮ መቅረጽ፣ ለመማር የሚፈልግ ሰው ከእስክሪብቶ ቢጀምር መልካም ነው የምለው ሥራው ቀላል ስለሆነ ሳይሆን፣ ከስንዝር ያልበለጠ እንጨትና አነስተኛ ማሽን ስለሚበቃው፣ የተበላሸውም ቢጣል ብዙ ስለማያስቆጭ ነው። ይሁን እንጂ ጀማሪው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የእስክሪብቶው ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው እንጨቱ ገና መሽከርከር ሳይጀምር፣ በሚበሳበት፣ በሚጣበቅበትና ጫፉ በሚስተካከልበት ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን መሮውን ለማንሳት ስለምንቸኩል እነዚህን ሥራዎች እንደ መሸጋገሪያ እንቆጥራቸዋለን፤ ጉዳቱን የምናየው ግን እንጨቱ በእጃችን ላይ ሲሰነጠቅ ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ የሚመረጠው ስሊምላይን የሚባለው ኪት፣ ማለትም የእስክሪብቶው ክፍሎች ስብስብ ነው። በውስጡ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው 2 የነሐስ ቱቦዎች፣ የመጻፊያው ጫፍ፣ ሲጠመዘዝ ሪፊሉን (ቀለም የያዘውን ቀጭን ቱቦ) የሚያወጣና የሚያስገባ ክፍል፣ የመሐል ቀለበት፣ የኪስ ማንጠልጠያና ክዳን ይገኛሉ። ከዚህ ሌላ 7 ሚሊሜትር ፑንታ (የመብሻ ጫፍ)፣ እንጨቱ ተሰክቶበት የሚሽከረከርና ማንድሬል የሚባለው ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ቡሽንግ የሚባሉ 3 መለኪያ ቀለበቶችና የእንጨቱን ጫፍ ቀጥ አድርጎ የሚላግ መሣሪያ ያስፈልጋሉ። የእኔ ኪት የመጣው በዘመድ ሻንጣ ከውጭ ነበር፤ እንደ እኔ የሚያስመጣ ሰው ትርፍ ቱቦዎችንም አብሮ ቢያዝዝ እመክራለሁ፤ እንጨት ሲሰነጠቅ አብሮ የሚጠፋው ቱቦው ብቻ ነውና።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ዋንዛ ለመላግ ስለማያስቸግር ለልምምድ የሚስማማ ሲሆን፣ ወይራ ደግሞ ጠንካራ፣ ጥቅጥቅ ያለና ጥቁር ቡናማ መስመሮቹ እጅግ የሚያምሩ ነው። ለዚህ ሥራ ዛፍ መቁረጥ ፈጽሞ አያስፈልግም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ጥበቃ የተደረገላቸው አገር በቀል ዛፎች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል፤ የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎች ከሚጥሉት ቁርጥራጭ ብዙ እስክሪብቶ ይወጣል። ዋናው መመዘኛ ድርቀቱ ነው፤ እርጥብ ወይራ ዛሬ ቢያምርም ሲደርቅ ቱቦው ላይ ይሰነጠቃል።

እንጨቱ በአራት ማዕዘን ተሰንጥቆ በየጎኑ ከ16 እስከ 19 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱም 13 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን። መሐሉን የሚያቋርጥ መስመር በእርሳስ ካሰመሩ በኋላ ለሁለት ይቁረጡት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከቱቦው ጥቂት ሚሊሜትሮች መርዘም አለበት። ሁለቱንም ከተቆረጡበት ከመሐሉ ጫፍ በኩል ቢበሱ፣ በመጨረሻ ሲገጣጠሙ የእንጨቱ መስመር ይቀጥላል። በመብሻው ማሽን በትራፓኖ ሲበሱ ፑንታውን ቶሎ ቶሎ እያወጡ ፍቅፋቂውን ያራግፉ። ወይራ ሲበሳ ደስ የሚል ሽታ አለው፤ ሽታው የወተት ዕቃ ሲታጠን የምናውቀውን ጭስ መምሰል ከጀመረ ግን ፑንታው እንጨቱን እያቃጠለው ስለሆነ ወዲያው ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ በሙቀት የተፈጠረ ስንጥቅ ዓይን ሳያየው ቆይቶ የሚገለጠው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ፑንታው በሌላው ጫፍ ሲወጣ እንጨቱን እንዳይቦድሰው፣ ቁራጩን ትንሽ አስረዝሞ ቀዳዳውን ሳይጨርሱ ማቆምና የቀረውን ጫፍ በመጋዝ መቁረጥ ይቻላል።

ቱቦዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ያድርጓቸው፤ ለስላሳ ነሐስ ማጣበቂያ አይዝም። ማጣበቂያው ወደ ውስጥ እንዳይገባ የቱቦውን አፍ በድንች ቁራጭ ላይ ተጭኖ መድፈን ቀላል ዘዴ ነው። ሱፐር ግሉ ቱቦው መንገድ ላይ እያለ ሊደርቅ ስለሚችል፣ ጀማሪ ደቂቃዎችን የሚሰጠውን ኢፖክሲ የተባለ ማጣበቂያ ቢጠቀምና ቱቦውን እያሽከረከረ ቢያስገባው ይሻላል። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ድንቹን አውጥተው የጫፉን መላጊያ ነሐሱ ብልጭ እስኪል ድረስ ብቻ ያስኪዱት። ቱቦው ራሱ ከተላገ የእስክሪብቶው ርዝመት ስለሚያጥር ሪፊሉ በትክክል መግባትና መውጣት ያቅተዋል። መሐል ላይ የሚገናኙትን ጫፎች በቱቦው ውስጥ በቀለም ምልክት ያድርጉባቸው፤ በውጭ የተሰመረው የእርሳስ መስመር በመሮ ይጠፋል።

ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የፊት መከላከያና የአቧራ ጭንብል ይደረጋል፤ ጓንት ግን አይደረግም። ነጠላ፣ ረጅም እጅጌና የተለቀቀ ፀጉር ይሰብሰብ፤ ማተብም ከልብስ ሥር ይግባ፤ የሚሽከረከር ዘንግ የነካውን ክር ሁሉ ይስባል። በማንድሬሉ ላይ ቡሽንግና እንጨት እያፈራረቁ ከደረደሩ በኋላ ማሰሪያውን በጣት ብቻ ያጥብቁ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ዘንግ ይጎብጣል፤ የእኔ የመጀመሪያ እስክሪብቶ በአንድ ጎኑ ወፍራም ሆኖ የወጣው በዚህ ምክንያት ነበር።

የመሮው መደገፊያ ከእንጨቱ 5 ሚሊሜትር ያህል ይራቅ፤ ማሽኑን ከማስነሳትዎ በፊት እንጨቱን በእጅ አዙረው እንደማይነካው ያረጋግጡ። በደቂቃ 1500 ያህል ዙር ጀምሮ፣ ማዕዘኖቹ ከጠፉ በኋላ ወደ 2500 ማሳደግ ይቻላል። ጎድጓዳው መሮ በመጀመሪያ ስለቱን ሳይሆን ጀርባውን እንጨቱ ላይ ያሳርፍ፤ ከዚያ እጀታው በቀስታ ከፍ ሲል ስለቱ ራሱ መብላት ይጀምራል። ከመሮው የሚወጣው የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ከሆነ አያያዙ ትክክል ነው፤ አቧራ ብቻ ከሆነ ግን እጅን ከማስጨነቅ ይልቅ መሮውን መሳል ይገባል። ምንጊዜም ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ፣ ማለትም ከመሐል ወደ ቡሽንጉ ይላጉ፤ በተቃራኒው ከሄዱ መሮው የእንጨቱን ጅማት ከጫፉ ይነቅለዋል። ለብርጭቆ ወረቀት እንዲተርፍ እንጨቱ ከቡሽንጉ በጥቂቱ ከፍ እንዳለ ያቁሙ።

ፍጥነቱን ቀንሰው፣ መደገፊያውን አንስተው ከ150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው በ220፣ 320 እና 400 በኩል እስከ 600 ይሂዱ፤ በየቁጥሩ መጨረሻ ማሽኑን አቁሞ በርዝመቱ ማሸት ዙሪያውን የተጫረውን ያጠፋል። ነጣ ባለ እንጨት ላይ የቡሽንጉ ብረት ብናኝ ጫፉን ስለሚያጠቁር ወረቀቱ ቡሽንጉን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ለማጠናቀቂያ ሼላክ የሚባለውን ቫርኒሽ፣ በላዩም ሰም በሶፍት መቀባት ለጀማሪ ይበቃል፤ ጨርቅ ግን በዘንጉ ሊጠቀለል ስለሚችል አይያዝ።

መገጣጠሚያው ትዕግሥት ይፈልጋል። የመጻፊያውን ጫፍ በሞርሳ (በመጭመቂያ) ቀስ አድርገው ወደ ታችኛው ክፍል ከጫኑ በኋላ የሚጠመዘዘውን ክፍል በሌላው በኩል እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ያስገቡ፤ ሪፊሉን አስገብተው ይሞክሩት፤ ጫፉ በበቂ ካልወጣ ጥቂት ይጨምሩ። አንዴ ከጠለቀ ሳይጎዱ መልሶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ከዚያ ማንጠልጠያውና ክዳኑ በላይኛው ክፍል ላይ ይጫናሉ፤ ቀለበቱ መሐል ከገባ በኋላ ሪፊሉ ወደ ውስጥ እንደገባ ሆኖ የላይኛው ክፍል በእጅ ይገፋል፤ ከመገጠሙ በፊት በውስጥ የተደረገውን ምልክት እያዩ የወይራው መስመር ከታች ወደ ላይ የሚቀጥልበትን ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል።