ያ የቆየ ዶክመንተሪ የት ገባ?

ስለ ሴቶች እኩል ክፍያ የተሠራ የድሮ ዶክመንተሪ አልገኝ ብሏችኋል? መጀመሪያ ፍለጋው የቱ ጋ እንደተያዘ ለዩ።

ስሙ ጠፍቶባችኋል።
«እኩል ክፍያ» ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣው የዜና መዓት ነው። ጉዳዩን ትታችሁ ታሪኩን ፈልጉ። የት አገር? ምን ሥራ? ስንት ሴቶች? በሚኒሶታ ብርድ አድማ የመቱ የባንክ ሠራተኞች ትዝ ካሏችሁ፣ ፊልሙ ሊ ግራንት በፈረንጆቹ 1981 ያወጣችው «ዘ ዊልማር ኤይት» ነው። ስሙ ውስጥ ያለውን ስምንት አንዴ በቁጥር፣ አንዴ በፊደል ሞክሩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ታደክማለች።

ከፍታችሁ ስታዩት ተዋናዮች ናቸው።
በ1968 እንግሊዝ ውስጥ ዳገንሃም፣ ለፎርድ የመኪና መቀመጫ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች አድማ መቱ። ታሪኩ በ2010 የትወና ፊልም ሆኗል፤ ፍለጋውም እሱን ያስቀድማል። «ዶክመንተሪ» የሚለውን ቃልና ዓመቱን ጨምሩበት።

ስሙ ታውቋል፣ ፊልሙ ግን የትም የለም።
ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። ዶክመንተሪ ውስጥ የሚገቡ የቆዩ ምስሎችና ሙዚቃዎች ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ለተወሰነ ዓመት ነው። ጊዜው ሲያልፍ ፊልሙን ማሳየት አይቻልም። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል የተሠራው ዝነኛው «አይስ ኦን ዘ ፕራይዝ» እንኳ በዚሁ ጣጣ ለዓመታት ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ሌላው ደግሞ ከ16 ሚሊሜትር ፊልም ወይም ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ዲጂታል ሳይገለበጥ የቀረ ነው። እንዲህ ያለውን ኔትፍሊክስ ላይ ማሰስ ልፋት ብቻ ነው። ወርልድካት በተባለው የብዙ ቤተ መጻሕፍት የጋራ የኢንተርኔት ካታሎግ ላይ ስሙን አስገቡ፤ ቅጂው የትኛው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ያሳያችኋል። ከዚያ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጻፉ። እነዚህ ሰዎች ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ በውሰት ከሌላ ቦታ ሊያስመጡም ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲያችሁ ቤተ መጻሕፍት ካኖፒ የተባለው የፊልም ማሳያ ድረ ገጽ አባል ከሆነ ደግሞ እዚያ በነፃ ታያላችሁ። ካልሆነ የአከፋፋዩን ስም ከካታሎጉ ወስዳችሁ በቀጥታ ጠይቁ።

«በአገርዎ አይገኝም» ይላል።
የማሳያ መብት የሚሸጠው በየአገሩ ስለሆነ ነው። የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ግን ብዙ የቆዩ ሥራዎቹን በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል። በ1974 ስቱዲዮ ዲ የተባለ የሴቶች የፊልም ክፍል የከፈተውም እሱ ነው።

ዩቲዩብ ላይ አገኛችሁት፣ ግን የተቆረጠ ይመስላል።
ርዝመቱን ካታሎጉ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። በጣም ካጠረ፣ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተቀነሰው ቅጂ ሊሆን ይችላል።