የዶሮ ቤቱን ከላይ አትድፈኑት

ደብረ ብርሃን፣ መንዝና አንኮበር አካባቢ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ሲበረታ ብዙዎቻችን የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ሁሉ በማዳበሪያና በጨርቅ እንወትፋለን። ዶሮ ግን ደረቅ ብርድ ትችላለች፤ የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ላባዋም ብርድ ልብሷ ነው። የሚጎዳት እርጥበት ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ቆርቆሮው ከውስጥ አልቦ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነና የኩሱ ሽታ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ቤቱ ታፍኗል ማለት ነው። ያ እርጥበት ኩክኒዋ (ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ) ላይ ሲያርፍ ውርጩ ጫፉን ያጠቁረዋል።

ዘዴው እንዲህ ነው፦ ከቆጡ በታች ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ምረጉ። ከጣሪያው ሥር፣ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ግን አንድ ጋት ያህል ክፍተት ተዉ (ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ምቱበት)። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ በዚያ ይወጣል፤ ነፋሱም ዶሮዎቹን ሳይነካ ያልፋል። ወለሉን በገብስ ገለባ ወፈር አድርጋችሁ ጎዝጉዙት፣ ሲረጥብ ቶሎ ቀይሩት። ማታ ቆጥ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ትንሽ ገብስ ወይም በቆሎ በትኑላቸው፤ ሌሊቱን ሲፈጩት ያሞቃቸዋል።

ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት ግን በፍጹም! ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ደግሞ ከላይ ክፍተት የመተዉ ዘዴ ላባ ላላወጡ ጫጩቶች አይሆንም፤ እነሱን ከእናታቸው ጋር እናንተው ቤት አሳድሯቸው።